የተደበቁብኝ ሃያ ስድስት ቀናት

ይህን የምጽፈው በቀን ግማሽ ገጽ እያልኩ ነው። ዓይኔ ደክሞ አይደለም። ስናደድ እስክሪብቶውን አጥብቄ እጫነውና ፊደሉ ይበላሽብኛል። ሠላሳ ዓመት ሐይቅ ከተማ ውስጥ ልጆች ሳስተምር ኖሬያለሁና የተበላሸ ፊደል አልወድም። ሲብስብኝ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ግቢዬን ሁለት ጊዜ እዞርና ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ስሜ ይመኙሻል ነው። ባለቤቴ ግዛው ጀልባ ነበረው፤ ጠዋት ሐይቁ ላይ ዓሣ ያወጣል፣ ከሰዓት በር ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ብዙ የማያወራ፣ ስልክ የማይወድ ሰው ነበር። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሰናይት፤ ትዳር ይዛ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው።

ካቻምና ሰኔ ላይ ሰናይት ልትወልድ ስትቃረብ ላርሳት ሄድኩ። ወንድ ልጅ ወለደች። ግዛው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እየደወለ «በላች? ልጁስ?» ይለኛል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ስልኩ ጠፋ። «እማ፣ በእናንተ በኩል ኔትወርክ ተቋርጧል አሉ» አለችኝ ሰናይት። ከዚያ በፊት ወራት ሙሉ ተቋርጦብን ያውቃል። መንገድም ይዘጋል። አመንኩ።

ገንፎ አገነፋሁ፣ ልጅ አጠብኩ። ሕፃኑ ያሬድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ጎረቤት እስኪሰማ እልል አልኩ። ለግዛው ሹራብ ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ያን ቀን ግዛው ከተቀበረ ሃያ ሦስት ቀኑ ነበር። እዚያ ቤት ከተሰበሰበው ሰው መካከል ይህን የማናውቀው እኔና ሕፃኑ ብቻ ነበርን።

ከክርስትናው ሁለት ቀን በኋላ የግዛው ታላቅ ወንድም አያ አበጋዝ መጥቶ ወሰደኝ። «መንገድ ተከፈተ» አለኝ። ደሴ እሱ ቤት አደርን። ሲነጋጋ በሩ ተከፈተና ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ያን ጊዜ ያልኩትን አስታውሳለሁ። «ማን?» አላልኩም። «ስንት ቀኑ ነው?» አልኩ።

«ሃያ ስድስት» አለ አያ አበጋዝ።

ምክንያቱን ሁሉም አንድ ዓይነት አድርጎ ነገረኝ። ሰናይት አራስ ናት፤ ከሰማች ወተቷ ይደርቃል፣ አእምሮዋ ይነካል። እኔ ካወቅኩ ደግሞ ፊቴ ይነግራታል። ስለዚህ ከሁለታችንም ተደበቀ አሉኝ። ይህ በእኛ አገር ደግነት ነው። በደግነት የተበደለ ሰው ምን ይላል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። ዓመት ሙሉ፣ ለመጣው ለሄደው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ግን አላስተኛ አለኝ። ግዛው ሲሞት ጠርቶኝ ነበር? የጠየቅኩት ሁሉ «ድንገት ነው፣ ማንንም አልጠራም» ይለኛል። የተገኘው በራችን ላይ ካለው መቀመጫ ድንጋይ ላይ፣ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ፣ የክት ጃኬቱን ለብሶ ነው። በአዘቦት ቀን፣ በሐምሌ ዝናብ፣ የክት ጃኬት ለምን እንደለበሰ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮኝ ኖሮ አንድ ጊዜ ስሜን ሳይጠራ መሄዱ ያናድደኝ ነበር። ሟች ላይ መናደድ ደግሞ ነውር ስለሆነ ይህንንም ዋጥኩት።

ባለፈው ሐምሌ ሙት ዓመቱ ወጣ። አያ አበጋዝ ወሰነ፤ ለእንቁጣጣሽ ከሌን አወልቃለሁ። ነጭ ቀሚስ አሰፋልኝ። ልኬን እንኳን አልጠየቀኝም። ሰናይት ልጇን ይዛ በጳጉሜ መጣች።

ሰናይት ማህሌት የምትባል ጓደኛ አለቻት፤ ዮጋ ታስተምራለች። በዓሉን አስታካ ሐይቁ ዳር ባለ ሎጅ ሰው ሰብስባ ነበር። «እማ፣ አንድ ጠዋት ብቻ ነይ» አለችኝ ሰናይት። «ለአዲሱ ዓመት ልብሽን ያቀልልሻል። ለእኔ ብለሽ።»

«ለአንቺ ተብሎ ያልተደረገ ምን ቀረ?» አልኳት። አቀረቀረች። ያኔ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር።

ሳቅ ያስነሳችው ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። ግድግዳ እንጋራለን፤ ዘይነባ የማትገባበት ጉዳይ የለኝም። ያሬድን አቅፋ፣ ዮጋ ምን እንደሆነ ሰናይት እየጎነበሰች ስታሳያት አየችና «ያረቢ!» አለች። «ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ አስተማሪ የመጣችው? እኔ በቀን አምስቴ ስጎነበስ አንድ ሰው ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሂጂ ሆድዬ። ወላሂ፣ ከዚህ ግድግዳ ጋር ተፋጥጠሽ ከምትውዪ እዚያ ሳር ላይ ብትንከባለዪ ይሻልሻል። ልጁን እኔ እይዘዋለሁ።»

ሄድኩ። ጳጉሜ አምስት ጠዋት ነበር። ሣሩ እርጥብ ነው፤ ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል፤ ወዲያ ማዶ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ድምፅ ይሰማል፣ ሰውየው አይታይም። ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ዘጠነኛ። ጥቁር ቀሚሴን እንደለበስኩ ከሥሩ የሰናይትን ሱሪ አጥልቄ ምንጣፍ ላይ ቆምኩ። አጠገቤ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ከደሴ የመጣ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ጎንበስ ሲል ያቃስታል። «እናት፣ እርስዎ ከእኔ ይሻላሉ» አለኝ በሹክሹክታ። «እኔ የእግሬን ጣት ካየሁት አምስት ዓመቴ ነው።»

ማህሌት ድምፅዋ ለስላሳ ነው። «በየዓመቱ ዕቅድ እናወጣለን» አለች። «ይህን እሠራለሁ፣ ያንን እተዋለሁ እንላለን። ዘንድሮ ሌላ እናድርግ። ምን እንደምንሠራ ሳይሆን ምን እንዲሰማን እንደምንፈልግ እንምረጥ። ስሜቱን ከመረጥን ሥራው ይከተላል።»

ስሜት እንደ ሻርፕ ከሱቅ ይመረጣል እንዴ? አልኩ በልቤ።

«ትንፋሻችሁን ተከተሉ» አለች። «እግራችሁ መሬቱን ሲነካ ይሰማችሁ። ሐሳባችሁ ወደ ትናንት ከሄደ አትቆጡት፤ ቀስ ብላችሁ ወደ አሁን መልሱት። ያለን አሁን ብቻ ነው። አሁን፣ እዚህ።»

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። አሁን? እኔ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ «አሁን» ያልኩት ሁሉ ውሸት ነበር። አሁን መረቡን እየጠገነ ይሆናል ስል አፈር ውስጥ ነበር። አሁን ዝናብ እየመታው ይሆናል፣ ጃኬቱን ለብሶ ይሆን ስል አፈር ውስጥ ነበር። የሰውን ዛሬ ወስደው ሲያበቁ ዛሬ ላይ ኑር ይሉታል። ትንፋሼን ተከተልኩ፤ ትንፋሼ እንደ ወናፍ ይጮህ ነበር።

በመጨረሻ ማህሌት «አሁን በጀርባችሁ ተኙ» አለች። «እጃችሁን ዘርጉ፣ ሁሉንም ልቀቁት። ይህኛው የሬሳ አቀማመጥ ይባላል።»

«ማሂ!» አለች ሰናይት።

ማህሌት አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ይቅርታ፣ እማማ ይመኙሻል፣ ስሙ ሆኖ ነው እንጂ... ይተዉት፣ ይነሱ።»

«ግዴለም ልጄ» አልኳት። «የባሌን ሬሳ አላየሁም። እስቲ ተኝቼ ልየው።»

ተኛሁ። እርጥበቱ በቀሚሴ አልፎ ጀርባዬን ነካኝ። ሰማዩ እንደ አመድ ነበር። ሬሳ እጁን ዘርግቶ አይተኛም አልኩ። ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ የእጅና የእግር አውራ ጣቶቹ ይታሰራሉ። የግዛውን ጣት ማን አሰረው? የግራ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር የለውም፤ ወጣት ሳለ የጀልባ ማሰሪያ ድንጋይ ወድቆበት ነው። የሚያስረው ሰው ያንን ያውቅ ነበር? ቀስ ብሎ ነው ያሰረው ወይስ እንደ እቃ? ይህን የማየት መብት የማን ነበር? ጥርሴ ተነካክሶ ነበር። ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሐዘንሽ፣ ሐዘንሽ ሲለኝ ይህ ጥርስ የሚያነካክስ ነገር ሌላ ስም እንዳለው አንድም ቀን አላሰብኩም።

ከዚያ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ማህሌት ከሐይቁ ዳር ያነሳችውን ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ አምጥታ «ድንጋዩ የደረሰው ሰው ስሜቱን ይናገራል» አለች። አንዲት ልጅ «ቀለል ማለት» አለች። የባንክ ሠራተኛው «እርጋታ» አለና «በተለይ አለቃዬ ቢሮ ስገባ» ብሎ አሳቀን። ድንጋዩ እኔ ጋ ደረሰ።

«ቁጣ» አልኩ።

ማህሌት ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ከቁጣ መላቀቅ ማለትዎ ነው?»

«አይደለም። መቆጣት ነው። ዓመት ሙሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እያልኩ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ደህና አድርጌ መቆጣት ነው የምፈልገው።»

«እናት» አለ የባንክ ሠራተኛው፣ «የእርስዎ ይበልጣል። እኔም ልቀይር መሰለኝ።»

ሳቁ። ሰናይት አልሳቀችም። ድንጋዩን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛው ቆየች። ከዚያ ሣሩን እያየች «ይቅር የተባልኩ» አለች። «ይቅር የተባልኩ ሆኖ እንዲሰማኝ ነው የምፈልገው።»

ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ። የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ መሬት ሲያይና የሰው እርሳስ የሰረቀ ልጅ መሬት ሲያይ እለያለሁ።

«ይቅር የሚልሽ ማን ነው?» አልኳት።

«እማ፣ በኋላ።»

«አሁን ነው የተባልነው። አሁን፣ እዚህ።»

ተነሥቼ ወደ ውሃው ሄድኩ። ተከተለችኝ። ሸምበቆው ዳር ቆምን፤ ድንጋዩ እጇ ላይ እንደተያዘ ቀርቷል።

«አባዬ ደውሎ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት። ለእኔ አጃ ልትገዢ ወጥተሽ ነበር፤ ስልክሽን ቤት ረስተሽው። እኔ አነሳሁት።»

«ምን አለ?»

«ደረቴን ያፍነኛል አለ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት አለ። ከዚያ... ‹ለእናትሽ ንገሪያት፣ ትምጣልኝ› አለ።»

ጠርቶኝ ነበር። የሸምበቆውን ጫፍ ያዝኩ።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ነገ ትነሳለች አልኩት።»

ነገ ትነሳለች። የክት ጃኬቱ ያኔ ገባኝ። ፊቱን ወደ አስፋልቱ ያዞረው ያኔ ገባኝ። ግዛው ድንገት አልሞተም። የአዲስ አበባን አውቶቡስ እየጠበቀ ነው የሞተው። ሚስቱ ትመጣለች ተብሎ ለብሶ፣ ዝናብ ላይ ወጥቶ፣ ሁለት ቀን ጠብቋል።

«ልጁ ጡት አልይዝ ብሎኝ ነበር» አለች ሰናይት፤ አሁን በፍጥነት ነው የምታወራው። «ሰውነቴ ሁሉ ያመኛል። ከሄድሽ የምሞት መሰለኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነጋታውም ነገ አልኩ። ጥሪውን ከስልክሽ ላይ አጠፋሁት። ከዚያ አጎቴ ለባሌ ደወለለት። ባሌ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲያለቅስ በበሩ ሰማሁት።»

«አወቅሽ? አንቺ? አራሷ?»

«አወቅኩ። እንዳላወቅኩ ሆንኩ። እሱ ከእኔ ይደብቃል፣ እኔ ከእሱ እደብቃለሁ፣ ሁለታችንም ከአንቺ።»

«እልል ስል ቆመሽ ታዪኝ ነበር?»

እጄን አነሳሁ። በሠላሳ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ልጅ መትቼ አላውቅም።

«ምቺኝ» አለች። «ምቺኝ እማ።»

«አልመታሽም። ብመታሽ ይቀልልሻል።»

እጄን አወረድኩ። ከዚያ ያልኩትን ቀድሜ አላሰብኩትም፤ ከሆዴ ነው የወጣው። «ተቀመጪ» አልኳት። «አርጂኝ።»

«ምን?»

«መርዶዬን ንገሪኝ። ደሴ ላይ ያረዱኝ ሌላ ሰው ነው፤ ድንገት የሞተ፣ ማንንም ያልጠራ ሰው። እሱን አላውቀውም። የኔን ባል አርጂኝ። ከስልኩ ጀምሪ፤ አንድ ቃል ብትዘዪ አውቅብሻለሁ።»

እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጠች። የአባቷን ድምፅ እያስመሰለች፣ ሲያቋርጥ እያቋረጠች፣ ሲያስል እያሳለች ነገረችኝ። «አባዬ ሞተ፣ እማ» ብላ ስትጨርስ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ጮኽኩ። ስሙን ጠርቼ፣ ደረቴን መትቼ፣ በደንብ ጮኽኩ። ከወዲያ ማዶ ዓሣ አጥማጁ ድምፁን አጠፋ።

ዞር ስል የባንክ ሠራተኛው ምንጣፉን ይዞ ወደ እኛ እየመጣ ነው። ባርኔጣውን አውልቋል። ምንጣፉን ጭቃው ላይ ዘርግቶ፣ ሆዱን ይዞ እንደምንም ተቀመጠ። ከኋላው ቀለል ማለት የምትፈልገዋ ልጅ መጣች። ከዚያ ሌሎቹ። ማህሌት የመጨረሻዋ ናት፤ እንባዋ ይወርዳል። የዮጋ ምንጣፎቻቸውን እየዘረጉ፣ አይተውት የማያውቁትን ሰው ለቅሶ ተቀመጡልኝ። የእኛ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል።

«ነፍስ ይማር፣ እናት» አለ የባንክ ሠራተኛው። «ስማቸው ማን ነበር?»

«ግዛው» አልኩ። «ጠርቶኝ ነበር።»

በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው። አያ አበጋዝ ነጩን ቀሚስ በፌስታል ይዞ ከደሴ መጣ።

«እንኳን አደረሰሽ እቴ» አለ። «በይ፣ ከሉን አውልቂው፤ ዛሬ ብርሃን ነው።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ቀሚሱን ይመልሱት፣ አያ አበጋዝ። የኔ ሐዘን ትናንት ነው የጀመረው። አርባዬን ከትናንት እቆጥራለሁ።»

«ምን ማለት ነው? ሙት ዓመቱ ወጣ እኮ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ሃያ ስድስት ቀን ምንም ሳይል መቆየት ይችልበታል።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ለእናንተው ብለን ነው።»

«ለእኔ ስትሉ እኔን ጠየቃችሁኝ?»

ሰናይት ልጇን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሳልጠይቃት ስልኩን ራሷ ነገረችው። አያ አበጋዝ «ጠርቶሽ ነበር?» ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ያንን የዋዛ ሰው አይደለሁም የሚል ፊቱን ሁለት እጁ ውስጥ ቀበረው።

«ጣቱን ማን አሰረው?» አልኩት።

«እኔ።»

«የግራውን አውራ ጣት አዩት?»

«ጥፍር የለውም» አለ። «በስሱ ነው ያሰርኩት። እንዳያመው ብዬ... ሞኝነት ነው።»

ለዚያ አመሰገንኩት። ለቀረው አላመሰገንኩትም፤ ይህንንም ነገርኩት። ቀሚሱን ይዞ ተመለሰ። ዘይነባ አጥሩ ጋ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«አንቺም ታውቂ ነበር» አልኳት።

«አውቅ ነበር» አለች። «ቁጥርሽን ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አራሷን ትገድያለሽ አሉኝ። ተቆጪኝ ይመኙ፣ ሐቅሽ ነው።» ተቆጣኋት። አንድ ሳምንት አላናገርኳትም። አንድም ቀን አኩርፋ አልቀረችም፤ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ «ዛሬም ነው?» ትለኛለች፣ «ዛሬም ነው» እላታለሁ፣ «አብሽሪ» ብላ ትገባለች።

አሁን እናንተን ላናግራችሁ፤ ይህን የምታነቡትን። መካከላችሁ መርዶ ደብቆ የማያውቅ ጥቂት ነው። እኔም ደብቄ አውቃለሁ፤ የአንዲት ባልደረባዬን እናት ሞት ፈተና እስክታርም ብለን አራት ቀን ያዝንባት። ስትሰማ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ያ ቃል ያቃጥለኛል። የሰው ሐዘን የሰውየው ነው። ከወሰዳችሁበት ሐዘኑን አታቀሉለትም፤ የመጨረሻውን መንገድ፣ የመጨረሻውን ቃል፣ የእግሩን ጣት ነው የምትወስዱበት። አራስም ብትሆን፣ በሽተኛም ቢሆን፣ አብራችሁት ሆናችሁ ንገሩት። ያለቅሳል። ይልቀስ!

ዮጋውን አልተመለስኩበትም፤ ጉልበቴ አይችልም፣ የማህሌትንም ስብከት ሁሉ አልተቀበልኩም። ቁጣን እንደ ላባ እፍ ይሉታል ብላ ታምናለች። ግን አንድ ነገር ልመስክርላት። ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ አይዞሽ ሲለኝ ምን ይሰማሻል ብላ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። መልሴን ባትወደውም ድንጋዩን ከእጄ አልነጠቀችኝም።

ሰናይትን አልማርኳትም። ከመሄዷ በፊት «ይቅር ብለሽኛል?» አለችኝ፤ «አላልኩም» አልኳት። «ስል ራሴ እነግርሻለሁ። እስከዚያው ግን ስትደውዪ ከክፉው ጀምሪ። ደጉ አይቸኩልም።» በየቅዳሜው ትደውላለች፣ ከክፉው ትጀምራለች። ከባሏ ጋር መጣላቷን፣ ሥራ መልቀቅ ማሰቧን፣ አባቷን በሕልሟ እያየች መጮኋን ነገረችኝ። እየተቆጣሁ እሰማታለሁ።

ጥቅምት ገባ። ሰላሳ ሰባተኛ ቀኔ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስልኩ ጮኸ። ቅዳሜ አልነበረም።

«እማ፣ ከክፉው ልጀምር?»

«ጀምሪ።»

«ያሬድን አተኩሶታል። ከትናንት ጀምሮ አልበላም፤ ሐኪም ቤት ይዤው እየገባሁ ነው። ፈርቻለሁ።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «እማ... ነይልኝ።»

ለዘይነባ ቁልፉን በአጥሩ ላይ ሰጠኋት። «ምን ሆንሽ?» አለች። «ጠሩኝ» አልኳት። ጥቁር ቀሚሴን እንደለበስኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መነኸሪያ ነበርኩ። ከቤት ስወጣ በራችን ላይ ባለው ድንጋይ አጠገብ ቆም ብዬ ነበርና እጄን አሳረፍኩበት፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ግማሽ ገጽ አዲስ አበባ ሆኜ ነው የምጽፈው። ትኩሳቱ ወርዷል፤ ልጁ አጠገቤ ተኝቶ እጁን ዘርግቷል። ሰናይት ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። አርባዬ ነገ ይሞላል። ከሌን ላወልቅም ላላወልቅም እችላለሁ፤ ሲነጋ እኔው አያለሁ። ቁጣዬ አብሮኝ በአውቶቡስ መጥቷል፣ ከጎኔ ተቀምጧል፣ አላባረርኩትም።

በዚህኛው ጊዜ ግን መልእክቱ ደርሶኛል።